ሌላው ሰው የሚያስበውን አእምሯችን እንዴት ነው የሚያውቀው?

የማታ_አንባቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ሦስት ዓመት ተኩል የሆናት ሴት ልጅ አለችኝ። ወንድሟ አምስት ዓመቱ ነው። አባታቸው ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ወጣ። እኔ ልጆቹ እያዩኝ ቁልፉን አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ለየብቻ ጠየቅኳቸው፤ «አባባ ሲመለስ ቁልፉን የት ነው የሚፈልገው?» ትንሿ ሳታመነታ «ቦርሳ ውስጥ» አለች። ትልቁ ግን ፈገግ ብሎ «መሳቢያ ውስጥ ነዋ! እሱ እኮ አላየሽም» አለኝ።

ሁለቱም ያዩት ያንኑ ነው። ስለ ቁልፉ የሚያውቁትም እኩል ነው። ግን ትልቁ አንድ ተጨማሪ ነገር በጭንቅላቱ ይዟል፤ ቁልፉ የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን አባቱ የት አለ ብሎ እንደሚያስብ። የሰው ሀሳብ አይታይም፣ አይዳሰስም። ታዲያ አእምሮ ይህን ከየት ያመጣዋል? ለዚህ ተብሎ የተመደበ የአንጎል ክፍል አለ ወይ? የምታውቁ ካላችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ ጻፉልኝ።

ነርቭ_ተማሪ፦
እህቴ፣ ቤትሽ ውስጥ ያደረግሽው በሥነ ልቦና ታሪክ በጣም ከታወቁት ሙከራዎች አንዱን ነው። በ1983 ሃይንዝ ቪመር እና ዮሴፍ ፔርነር የሚባሉ ተመራማሪዎች ኦስትሪያ ውስጥ ለልጆች አንድ ታሪክ ይነግሩ ነበር። ማክሲ የሚባል ልጅ ቸኮሌቱን አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ይወጣል። እናቱ ወደ ሌላ ቁም ሳጥን ታዛውረዋለች። ማክሲ ሲመለስ የት ይፈልጋል? ትንንሾቹ ልጆች ቸኮሌቱ በእርግጥ ያለበትን ቦታ ያሳያሉ። ልክ እንደ ልጅሽ።

ፈተናው ለምን በተሳሳተ እምነት ላይ እንደተመሠረተ ልብ በይ። አባትየው ትክክለኛውን ቦታ ቢያውቅ ኖሮ ልጅቷ ስለ እሱ ሀሳብ ምንም ሳታስብ መመለስ ትችል ነበር። ቁልፉ ያለበትን ማየት ብቻ ይበቃታላ። የሌላ ሰው ሀሳብ ከእውነታው ሲለይ ብቻ ነው ልጁ በእርግጥ ስለዚያ ሰው ሀሳብ እያሰበ መሆኑ የሚለየው። ፈላስፎች ይህን ነጥብ ያነሱት በ1978 ነው። ያኔ ዴቪድ ፕሪማክ እና ጋይ ዉድረፍ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች «ቺምፓንዚ የሌላውን አእምሮ ይረዳል ወይ?» ብለው ጽፈው ነበር፤ ፈላስፎቹ አስተያየት የሰጡት በዚያ ላይ ነው። «ቲዎሪ ኦፍ ማይንድ» (የሌላውን ሀሳብ የመረዳት ችሎታ) የሚለው ስያሜ የመጣውም ከዚያ ጽሑፍ ነው።

በ2001 178 ጥናቶች አንድ ላይ ተገምግመው ነበር። ዕድሜው ከአገር አገር ትንሽ ከፍና ዝቅ ይላል። አካሄዱ ግን ያው ነው፤ በሦስት ዓመት አካባቢ አብዛኛው ልጅ ይስታል፣ በአምስት ዓመት አብዛኛው ያገኘዋል። ስለዚህ ልጅሽ ምንም አልጎደላትም። ጊዜዋን እየጠበቀች ነው።

መምህርት_ነኝ፦
ለብዙ ዓመት ሕፃናት አስተምሬያለሁ። ይህን ለውጥ በዓይኔ ነው የማየው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ልጆች የገዛ ራሳቸውን የቀድሞ ሀሳብ መርሳታቸው ነው። የከረሜላ ሥዕል ያለበት ሣጥን አሳያቸውና «ምን ያለበት ይመስላችኋል?» እላለሁ። «ከረሜላ!» ይላሉ። እከፍተዋለሁ፤ እርሳስ ነው ያለው። መልሼ እዘጋውና «ቅድም ሳልከፍተው ምን ያለበት መስሏችሁ ነበር?» ብዬ ስጠይቅ የሦስት ዓመቶቹ ኮራ ብለው «እርሳስ!» ይሉኛል። እየዋሹ አይደለም። ቅድም ሌላ ነገር ያሰቡ መሆናቸው ጨርሶ አይታያቸውም። ይህን አሊሰን ጎፕኒክ እና ጃኔት አስቲንግተን በ1988 አጥንተው አሳትመውታል።

ሌላው ውሸት ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ጠመኔውን በእጁ ይዞ፣ እጁን እንኳ ሳይደብቅ «አልወሰድኩም» ይላል። የአምስት ዓመቱ እጁን ከኋላው ያደርጋል፣ ፊቱን ያስተካክላል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ልጅ ይጠቁማል። እኔ ምን እንዳየሁና ምን እንዳላየሁ አስልቷል ማለት ነው። ወላጆች ይህን ሲያዩ ይደነግጣሉ። እኔ ደግሞ «አእምሮው እየሠራ ነው» እላቸዋለሁ። ልጁ እንዳይዋሽ ማስተማሩ እንዳለ ሆኖ፣ በጊዜው የሚመጣ የእድገት ምልክት ነው።

ልክ_ነው_ወይ፦
እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ ወንድሜ ነርቭ_ተማሪ። ሕፃኑ ጥያቄው ከብዶት ቢሆንስ? «የት ይፈልጋል?» የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ቋንቋውን መረዳት፣ ታሪኩን ማስታወስና እውነተኛውን ቦታ ለመጠቆም የሚነሳውን እጅ መግታት ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ለሦስት ዓመት ልጅ ብዙ ነው። በ2005 ክሪስቲን ኦኒሺ እና ረኔ ባያርዦን ምንም ጥያቄ ሳይጠይቁ የ15 ወር ሕፃናትን ሞክረው ነበር። ሰውዬው ዕቃው ሲዘዋወር ሳያይ ቀርቶ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ዕቃው በእርግጥ ወዳለበት ሲሄድ ሕፃናቱ ረዘም አድርገው ያዩታል። «ይሄ ሰውዬ ከየት አወቀ?» እንደማለት ነው። መናገር የማይችል ሕፃን ይህን ካወቀ የአራት ዓመቱ ወሬ ምንድን ነው?

ነርቭ_ተማሪ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ሙከራው ትልቅ ክርክር አስነስቷል፤ እስካሁንም አልተቋጨም። በእይታ ላይ የተመሠረቱትን የሕፃናት ሙከራዎች ሌሎች ላቦራቶሪዎች ሲደግሟቸው ውጤቱ አንዳንዴ ይገኛል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ አይገኝም። ስለዚህ «ሕፃናት ሲወለዱ ጀምሮ ያውቁታል» ብሎ ለመደምደም መሠረቱ ገና አልጠነከረም። የቋንቋው ጫና ያልከው ግን ትክክል ነው። ጥያቄውን ማቅለል ውጤቱን ከፍ ያደርጋል። ቢሆንም ቀልሎም የሦስት እና የአምስት ዓመት ልጅ ልዩነት አይጠፋም።

ቺምፓንዚዎችን ካነሳን አይቀር፣ በ2016 ቺምፓንዚዎች፣ ቦኖቦዎችና ኦራንጉታኖች ቪዲዮ እያዩ ዓይናቸው ወዴት እንደሚሄድ ተለክቶ ነበር። ሰውዬው ዕቃው አለ ብሎ ወደሚያስበው ቦታ፣ እሱ ገና ሳይሄድ ቀድመው ሲያዩ ተገኙ። እንስሳቱ የሰውዬውን እምነት ተረድተው ነው ወይስ የለመዱትን ባሕርይ ተከትለው የሚለው አሁንም ያከራክራል።

የማታ_አንባቢ፦
አመሰግናለሁ፣ በጣም። የአንጎሉስ ነገር? ቦታ አለው ወይ ብዬ ነበር። አንድ ጓደኛዬ «መስታወት የሚባሉ የነርቭ ሴሎች አሉ፣ ሁሉንም እነሱ ናቸው የሚሠሩት» ብላኛለች።

ነርቭ_ተማሪ፦
ሚረር ኒውሮን የሚባሉት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያን ፓርማ ከተማ፣ በጃኮሞ ሪዞላቲ ቡድን በጦጣ አንጎል ውስጥ የተገኙ ናቸው። ጦጣዋ ዕቃ ስታነሳም፣ ሌላው ሲያነሳ ስታይም ይሠራሉ። ግሩም ግኝት ነው። ግን ከአቅሙ በላይ ተወርቶለታል። አባትየው ወደ መሳቢያው እጁን ሲሰድ ካየሽ እነዚህ ሴሎች ስለ እንቅስቃሴው ሊነግሩሽ ይችላሉ። ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ አለ ብሎ በስህተት ማሰቡን ግን የትኛው የእጅ እንቅስቃሴ ይነግርሻል? በር ሳይከፍት በፊትም ያ እምነት ጭንቅላቱ ውስጥ አለ።

ለዚህ ሌላ ቦታ ነው የምንሄደው። ጣትሽን ከቀኝ ጆሮሽ በላይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ አድርጊው። ከአጥንቱ ሥር ቴምፖሮ ፓራይታል መጋጠሚያ የሚባል ክፍል አለ። በ2003 ርብቃ ሳክስ እና ናንሲ ካንዊሸር ሰዎችን ኤፍ ኤም አር አይ (የትኛው የአንጎል ክፍል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳይ መሣሪያ) ውስጥ አስተኝተው አጫጭር ታሪኮች አስነበቧቸው። የአንዳንዱ ታሪክ ባለቤት የተሳሳተ ነገር ያምናል። በሌላው ታሪክ ደግሞ ፎቶ ተነስቶ ከዚያ ነገሩ ይለወጣል፤ ፎቶው ያረጀ መረጃ ይዞ ይቀራል። ሁለቱም ከእውነታው ጋር የማይገጥም ነገር አላቸው። ክብደታቸውም ተቀራራቢ ነው። ያ የቀኝ ክፍል ግን ጎልቶ የሠራው ለሰው እምነት ነው፤ ለፎቶው አይደለም።

ልክ_ነው_ወይ፦
አንድ ቦታ መሞቁ (ጎልቶ መሥራቱ) ግን ሥራውን እሱ ይሠራል ማለት አይደለም። አብሮ የሚሞቅ ሊሆን ይችላል።

ነርቭ_ተማሪ፦
ልክ ነህ። ለዚህ ነው የ2010ሩን ሙከራ የምወደው። ሊያን ያንግ፣ ሳክስና ባልደረቦቻቸው በዚያ ቦታ ላይ ከራስ ቅል ውጭ በመግነጢሳዊ ግፊት የክፍሉን ሥራ ለጥቂት ጊዜ አወኩት። ከዚያ ታሪክ ሰጥተው «ይህ ድርጊት ምን ያህል ይፈቀዳል?» ብለው ጠየቁ። ከታሪኮቹ አንዱ ዓይነት እንዲህ ነው፤ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ ቡና ውስጥ ነጭ ዱቄት ትጨምራለች። ዕቃው ላይ «መርዝ» የሚል ተጽፏል፣ እሷም መርዝ ነው ብላ ታምናለች። ግን ስኳር ነበር። ጓደኛዋ ምንም አልሆነችም።

አብዛኞቻችን «ልትገድላት ነበር እኮ!» እንላለን። ያ ክፍል የታወከባቸው ሰዎች ግን ድርጊቱን ከሌላው ጊዜ የበለጠ ወደ መፍቀዱ አዘነበሉ። ውጤቱን አዩ፤ ለሀሳቧ የሰጡት ክብደት ቀነሰ። ፍርዳቸው ጨርሶ አልተገለበጠም፣ መጠነኛ ለውጥ ነው። ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው። አንድን ሰው ጥፋተኛ የምንለው በሠራው ብቻ ሳይሆን ባሰበውም ስለሆነ፣ ይህ ክፍል በየቀኑ ፍርዳችን ውስጥ እጁ አለበት።

ሐቁን ለመናገር ያ ክፍል ትኩረትን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ በማዞር ሥራ ላይም ይታያል፤ «ለዚህ ብቻ የተፈጠረ ነው» ማለት ያከራክራል። ብቻውንም አይሠራም። ከግንባር በስተኋላ መሃል ላይ ያለው ክፍልም አብሮት አለ። በ2021 ደግሞ ነቅተው የአንጎል ቀዶ ሕክምና እየተደረገላቸው ባሉ ሰዎች ላይ፣ በዚሁ የፊት ክፍል ውስጥ ነጠላ የነርቭ ሴሎች ሲለኩ፣ አንዳንዶቹ የሌላው ሰው እምነት ትክክል ነው ወይስ የተሳሳተ የሚለውን ለይተው ሲያሳዩ ተገኝተዋል። ነጠላ ሴል እዚህ ድረስ መለየቱ በጣም ነው የሚደንቀኝ።

የልጄ_አባት፦
ስለ ቲዎሪ ኦፍ ማይንድ ሲወራ ልቤ ይመታል። ልጄ ኦቲዝም አለበት። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በ1985 ሳይመን ባሮን ኮሄን፣ አላን ሌስሊ እና ኡታ ፍሪት በአሻንጉሊት ያደረጉት ሙከራ አለ። ሳሊ ጠጠሯን ቅርጫት ውስጥ ታስቀምጣለች፣ አን ወደ ሣጥን ታዛውረዋለች። ከ20 የኦቲዝም ልጆች 16ቱ ሳሊ ሣጥኑ ውስጥ ትፈልጋለች አሉ። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው 14 ልጆች ግን 12ቱ በትክክል መለሱ። ከዚያ ወዲህ «ኦቲዝም ያለበት ሰው የሌላው አእምሮ አይታየውም» የሚል አባባል በየቦታው ተሰራጨ።

እባካችሁ አራቱን ልጆችም አስታውሱ። አራቱ በትክክል መልሰዋል። ልጄም ይህን ፈተና ያለ ምንም ችግር ያልፋል። የሚቸግረው ሌላ ነው። እናቱ ፊቷን አዙራ «ምንም አልሆንኩም» ስትል ቃሉን ይወስዳል እንጂ ድምጿን አይወስድም። «ዛሬ ደክሞኛል፣ ብቻዬን ልሁን» ካለችው ደግሞ ከማንም በላይ ይጠነቀቅላታል፤ በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል፣ ስልኳን ያነሳላታል። አለማወቅና አለማዘን አንድ አይደሉም። ሰዎች ሁለቱን እየቀላቀሉ ልጄን ልበ ደንዳና ሲሉት ያመኛል።

በ2012 ዴሚያን ሚልተን የሚባል እሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ተመራማሪ፣ ችግሩ የሁለት ወገን ነው ብሎ ጻፈ። እኛም የእነሱን አእምሮ ማንበብ አንችልም ማለቱ ነው። በ2017 የታተመ ጥናትም አለ። ሰዎች ኦቲዝም ያለባቸውን በአጭር ቪዲዮ ሲያዩአቸው በሰከንዶች ውስጥ ዝቅ አድርገው ይገምቷቸዋል። የተናገሩትን በጽሑፍ ብቻ ሲያነቡ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ታዲያ ያልተረዳው ማን ነው?

መምህርት_ነኝ፦
ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ይህን የጻፉትን አስተማሪ ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ክፍሌ ውስጥ እንደ ልጅዎ ያሉ ልጆች ነበሩኝ፤ የምፈልገውን ግልጽ አድርጌ ስናገር ሌሎቹም ልጆች ይበልጥ ይረዱኝ ነበር።

እጄ_ይናገራል፦
እኔ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነኝ። እስካሁን ስለ ቋንቋ በቂ አልተባለም። በ1995 አውስትራሊያ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ሰሚ ወላጆች ያሏቸው መስማት የተሳናቸው ልጆች በዚህ ፈተና ብዙ ዘግይተው ነበር። አእምሯቸው ምንም አልሆነም። ቤት ውስጥ ስለ ሀሳብ የሚያወራቸው ሰው አላገኙም እንጂ። መስማት የተሳናቸው ወላጆች ያሏቸው፣ ከሕፃንነታቸው በምልክት ቋንቋ ያደጉ ልጆች እንዲህ ያለ መዘግየት አይታይባቸውም።

የኒካራጓው ታሪክ ደግሞ ልብ ይነካል። እዚያ በ1970ዎቹ መጨረሻ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ሲሰበሰቡ ራሳቸው አዲስ የምልክት ቋንቋ ፈጠሩ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ቋንቋው ገና ጥሬ በነበረበት ጊዜ ያደጉ ናቸው። በ2009 የታተመው የጄኒ ፓየርስ እና የአን ሴንጋስ ጥናት እንዳሳየው፣ እነዚህ ሰዎች አዋቂ ሆነውም «ያስባል»፣ «ያውቃል» የሚሉት ምልክቶች እምብዛም አልነበሯቸውም። የተሳሳተ እምነት ፈተናውንም ከታናናሾቻቸው ባነሰ ውጤት ነበር የሠሩት። ከጊዜ በኋላ ከታናናሾቹ ጋር ሲቀራረቡ ምልክቶቹን ለመዱ። ፈተናውም ተሻሻለላቸው፤ በአዋቂነት! ስለዚህ የማታ_አንባቢ፣ ልጅሽን መርዳት ከፈለግሽ ፈተና አትደርድሪባት። «ወንድምሽ ይህን ያደረገው ምን መስሎት ይሆን?» እያልሽ አውሪያት።

ዝም_አልልም፦
ሁሉም ስለ ልጆች ነው የሚያወራው። እኔ ደግሞ አዋቂው ይበልጥ ያሳስበኛል። ቦአዝ ኬይሳር የሚባል ተመራማሪ ባልደረቦቹን ይዞ ያደረገው ሙከራ አለ። አንተ በመደርደሪያ አንድ ወገን ነህ፣ ሌላ ሰው በማዶ ነው። አንዳንዱ ክፍል በእሱ በኩል ተሸፍኗል። ሦስት ሻማዎች ይታዩሃል፤ ትንሹን እሱ አያየውም። «ትንሹን ሻማ አንሳ» ሲልህ ዓይንህ ቀድሞ የት ይሄዳል? እሱ ወደማያየው። አንዳንዱ እጁንም ይሰዳል። እሱ እንደማያየው ግን በደንብ ያውቃል! እውቀቱ አለ፤ በሰዓቱ አይደርስም።

በ1990 ኤልዛቤት ኒውተን ያደረገችውም አለ። ሰዎች የታወቀ ዘፈን ምት ጠረጴዛ ላይ በጣት ይመታሉ፣ ሌላው ዘፈኑን ይገምታል። የሚመቱት «ግማሹን ያውቁታል» አሉ። ከ120 ዘፈን የታወቀው 3 ብቻ ነው። የሚመታው ሰው ዜማው በጆሮው እየተዘፈነለት ነው። አድማጩ ግን ኳኳታ ብቻ ነው የሚሰማው። በየቤቱ «ነግሬው ነበር እኮ» የሚባለው ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል። የሚያውቅ ሰው አለማወቅ ምን እንደሚመስል ይጠፋበታል። የመምህርቷ ሕፃናትና እኛ ያን ያህል አንራራቅም።

የማታ_አንባቢ፦
ታዲያ መፍትሔው «ራስህን በእሱ ቦታ አስቀምጥ» የሚባለው ነው?

ዝም_አልልም፦
እሱም ተሞክሯል። በ2018 ታል ኢያል፣ ሜሪ ስቴፈል እና ኒኮላስ ኤፕሊ 25 ሙከራዎች አድርገው አሳተሙ። የሌላውን ስሜት ከፊቱ፣ እንዲሁም ምርጫውን ገምት ተብለው፣ ግማሾቹ «ራስህን በእሱ ቦታ አስቀምጥ» ተባሉ። ግምታቸው አልተሻሻለም። በትዳር አብረው የሚኖሩትም ላይ ያው ነው። ግምቱን የረዳው ቀጥታ መጠየቅ ነው። ተነጋግረው የገመቱት ተሻሉ። ራስን በሌላው ቦታ ማስቀመጥ ለመራራት ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ መረጃ ግን አይጨምርም። አእምሮ የሌለውን መረጃ ከየት ያመጣል? ከራሱ ነዋ! የራስህን ሀሳብ ነው ሌላው ላይ የምትለጥፈው።

ልክ_ነው_ወይ፦
ሰው ግን ይዋሻል። ብትጠይቀው የሚነግርህ እውነቱን ነው ያለው ማነው?

ነርቭ_ተማሪ፦
ይዋሻል። ፊቱን አይተህም አትደርስበትም ግን። በ2006 የታተመ ሰፊ ግምገማ፣ ሰዎች ያለ ልዩ መረጃ ውሸትን ከእውነት የሚለዩት በአማካይ 54 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ሳንቲም ከመጣል ብዙም አይሻልም። ስለዚህ ምርጫው በመጠየቅና በትክክል በማንበብ መካከል አይደለም። በመጠየቅና በመገመት መካከል ነው። አብዛኛው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚዋሽበት ምክንያት የለውም፤ ያልነገረህ ስላልጠየቅከው ነው።

የልጄ_አባት፦
እኛ ቤት ይህን ከልጄ ነው የተማርነው። «ተናደድሽ?» ብሎ ቀጥ አድርጎ ይጠይቃል። እንግዳ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል። እናቱ ግን አሁን እሷም እንደሱ ትጠይቃለች፣ እኔንም ጭምር። አንዳንዴ «አይ፣ ርቦኝ ነው» እላታለሁ። ድሮ ቢሆን ኖሮ ምሽቱን ሙሉ ኩርፊያ መስሏት ትውል ነበር።

እጄ_ይናገራል፦
አንድ ነገር ልጠይቅና ልተው። ከተወለዱ ጀምሮ የማያዩ ሰዎችስ? ፊት አይተው አያውቁም። ያ የአንጎል ክፍል እነሱ ላይ የት ነው ያለው?

ነርቭ_ተማሪ፦
እዚያው ነው። በ2009 ማሪና ቤድኒና ባልደረቦቿ ከተወለዱ ጀምሮ የማያዩ አዋቂዎችን ፈትሸዋል። ስለ ሌላ ሰው እምነት ሲሰሙ የሚሠራው ያው ከቀኝ ጆሮ በላይ ያለው ክፍልና አጋሮቹ ናቸው። አንድ ሰው ምን እንዳየ የሚናገር ታሪክም፣ ምን እንደሰማ የሚናገር ታሪክም ያንኑ ቦታ ይጠቀማል። ይህ ክፍል የሌላውን ሰው እምነት ለመከታተል ዓይን የግድ አያስፈልገውም ማለት ነው። አንቺ ካነሳሽው ጋርም ይገጥማል፤ በቃልም ይሁን በምልክት፣ ስለ ሰው ሀሳብ የሚወራ ወሬ ከደረሰው መንገዱ አለው።